አባት ተመራ፣ ልጅ ትጫረታለች፦ የደሴ ሁለት ትውልዶችና የቤት ባለቤትነት

አባቴ የቤቱን ሰነዶች የሚያስቀምጠው በአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። በውስጡ ያለው ሦስት ዓይነት ወረቀት ነው፦ በደርግ ዘመን ከማዘጋጃ ቤት የተሰጠው የቦታ ምሪት (ቦታው የተመደበበት ወረቀት)፣ በየዓመቱ የከፈለው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ደረሰኝ፣ እንዲሁም ቤቱን ሲሠራ የገዛውን ሁሉ በእርሳስ የመዘገበበት፣ ከደብተር የተገነጠለ አንድ ገጽ። በዚያ ገጽ ላይ የባሕር ዛፍ ማገርና ወራጅ በቁጥር፣ ምስማር በኪሎ፣ ጭድ በሸክም፣ የጣሪያ ቆርቆሮ በፍሬ ተጽፏል፤ ጭቃውን ለረገጡትና ግድግዳውን ለመረጉት የቅሬ (የእድር) ጎረቤቶች የቀረበው ምሳ እንኳ የራሱ መስመር አለው። ስለ ቦታው ግን የተጻፈ ወጪ የለም፤ ቦታው በግዢ የተገኘ አልነበረምና።

የእህቴ ልጅም መዝገብ ትይዛለች። ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት፤ የምትኖረውም ሮቢት አካባቢ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ተደርድረው ከተሠሩ አምስት ክፍሎች በአንዱ፣ ቧንቧውንና መጸዳጃ ቤቱን ከሌሎቹ ተከራዮች ጋር እየተጋራች ነው። የእርሷ ደብተር በቤት ኪራይ ይጀምርና ወደ ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ከሰልና ባጃጅ ይወርዳል። የመጨረሻውን ገጽ ለቤት ብላ ለይታዋለች። በገጹ አናት ላይ «ቦታ» የሚል ቃል ሰፍሯል፤ ከጎኑ ያለው ቁጥር ሦስት ጊዜ ተሰርዞ ሦስቱንም ጊዜ ከፍ ብሎ ተጽፏል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በእነዚህ ሁለት ገጾች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር ታላላቆች «እኛ በዚያች ደመወዝ ቤት ሠርተን ልጅ አሳድገናል» ይላሉ፤ ታናናሾች ደግሞ አባካኝ ተብለው የተወቀሱ ያህል ይሰማቸዋል። ክርክሩ መቋጫ የሚያጣው የቁጠባና የትጋት ጉዳይ ተደርጎ ስለሚቀርብ ይመስለኛል። አባቴ ትጉህ ነበር፤ የእህቴ ልጅም ትጉህ ናት። በሁለቱ መካከል የተለወጠው ቦታ የሚገኝበት ሕግ፣ የሚቆጠበው ብር አቅምና የግንባታ ዕቃ የሚተመንበት ገንዘብ ነው። እነዚህን አንድ በአንድ ካላየናቸው አባትና ልጅ መወቃቀሳቸውን አያቆሙም።

ቦታ የሚታደልበት ዘመን

ከ1967 ዓ.ም. በፊት የከተማ ቦታ የግል ንብረት ነበር፤ ይሸጥ፣ ይለወጥ፣ ይከራይ ነበር። ሰፊ ቦታ ያለው ሰው ቤት እየሠራ ያከራያል፤ የሌለው ዕድሜ ልኩን ተከራይ ሆኖ ይኖራል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሥርዓት ከሥሩ ለወጠው። ቦታ ሁሉ ወደ መንግሥት እጅ ገባ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ በላይ መኖሪያ ቤት እንዳይኖረው ተደረገ፤ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚሆን እስከ 500 ካሬ ሜትር የሚደርስ ቦታ ግን ያለ ግዢ ዋጋ የሚሰጥበት መንገድ ተከፈተ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ትርፍ ቤቶች ለቀበሌ ማኅበራት ሲሰጡ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት የኪራይ ቤቶችን በሚያስተዳድረው የመንግሥት ድርጅት ሥር ገቡ። ኪራዩም እንደየደረጃው ተቀነሰ፤ አነስተኛ ኪራይ ለሚከፍሉት ቅናሹ እስከ ግማሽ ደረሰ። ዛሬ የቀበሌ ቤት የምንላቸው በአብዛኛው የዚያ ዘመን ትርፍ ቤቶች ናቸው።

አዋጁ ለአንዱ ያስገኘውን ከሌላው ወስዶ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ከአንድ በላይ ቤት የነበራቸው የደሴ ቤተሰቦች የልፋታቸውን ፍሬ አጥተዋል፤ የዚያ ትውልድ ልጆች ዛሬም በአያታቸው ቤት በር ሲያልፉ ቀና ብለው ያያሉ። ደመወዝተኛ የነበረው አባቴ ግን የቦታ ምሪቱን የወሰደው በዚህ ሕግ ነው። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የቤትና ቁጠባ ባንክም በማኅበር ተደራጅተው ለሚሠሩ ሰዎች የረጅም ጊዜ ብድር ይሰጥ ነበር፤ ባንኩ በኋላ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሕዷል። አባቴ ከዚያ ባንክ አልተበደረም። ብድር ያላስፈለገውም ቦታውን ስላልገዛ፣ ግድግዳው ጭቃ ስለነበረና ጉልበቱን የሰጡት ጎረቤቶች ስለነበሩ ነው።

ያ ዘመን የድሎት ዘመን አልነበረም። ወሎ በ1966 ዓ.ም. አካባቢ ከደረሰው ረሀብ ሳታገግም የ1977ቱ ድርቅ ደርሶባታል፤ ቆርቆሮና ምስማር እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ ደመወዝ ለዓመታት ባለበት ቆሟል፤ ጦርነቱም ከየቤቱ ልጅ ይወስድ ነበር። ቤቱም ቢሆን ዛሬ ወጣቱ ሊሠራ ከሚጠየቀው ጋር አይወዳደርም። አባቴ የገባው ሁለት ክፍል ባለው፣ ወለሉ አፈር፣ ግድግዳው ያልተለሰነ ቤት ውስጥ ነው፤ ልስኑ፣ ሊሾውና ኮርኒሱ የመጡት በየተራ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ነው። በዚህ በኩል ታላላቆች «በትዕግሥት ነው የሠራነው» ሲሉ እውነታቸውን ነው። ቀስ ብሎ መሥራትን የፈቀደላቸው ግን ቦታው አስቀድሞ በእጃቸው መሆኑ ነው። ቦታ ያለው ሰው በደሃ ቤት ውስጥ እየኖረ ያሻሽላል፤ ቦታ የሌለው ሰው ግን የሚያሻሽለው ነገር የለውም።

ቦታው ወደ ጨረታ ሲሄድ

ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ቦታ የሕዝብና የመንግሥት መሆኑ ቀጠለ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 አጸናው። የተለወጠው የሚሰጥበት መንገድ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቦታ በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የሚያዝበትን ሥርዓት አመጣ፤ በ1994 በአዋጅ ቁጥር 272፣ በ2004 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 721 ተተካ። መጀመሪያ ላይ ሊዙ በሁሉም ከተማ በአንድ ጊዜ አልተተገበረም፤ በርካታ የክልል ከተሞች በአነስተኛ ዓመታዊ የቦታ ኪራይ መምራታቸውን ለዓመታት ቀጥለዋል። ስለዚህ በሁለቱ ትውልዶች መካከል የቆመ አንድ መካከለኛ ትውልድ አለ፦ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ሥራ የያዙ፣ የምሪቱን በር ሊዘጋ ሲል የደረሱበት ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች። አጎቴ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ከእህቴ ልጅ የሚበልጠው በአሥራ ሰባት ዓመት ብቻ ቢሆንም፣ ከቤት አንጻር የሚመደበው ከአባቴ ጋር ነው።

የ2004ቱ አዋጅ ቦታ የሚገኝባቸውን መንገዶች በመሠረቱ ሁለት አደረጋቸው፤ ጨረታና ምደባ። የመኖሪያ ቤት ሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። በጨረታ ያሸነፈ ሰው ቢያንስ የዋጋውን 10 በመቶ ቅድሚያ ከፍሎ ቀሪውን በውሉ በተወሰነው ጊዜ ያጠናቅቃል፤ ግንባታውንም በተሰጠው ገደብ ውስጥ መጀመር ይጠበቅበታል። ጨረታ ግልጽነት አለው፤ በትውውቅ ከሚሰጥ ቦታ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም የጨረታ ዋጋ የሚወሰነው መምህርት በምትከፍለው መጠን ሳይሆን፣ ኪሱ ከሁሉ የጠለቀው ተጫራች በሚያቀርበው መጠን ነው። መምህርቷ የምትወዳደረው ከነጋዴ፣ ከሥራ ተቋራጭና ከውጭ አገር ብር ከሚላክለት ሰው ጋር ነው።

ለደመወዝተኛ የቀረው መንገድ የምደባው ክፍል ሲሆን፣ በእኛ ክልል ይህ በተግባር የሚታወቀው የቤት ሥራ ማኅበር በሚለው ስም ነው። አባላት ይደራጃሉ፤ ከግንባታው ወጪ የተወሰነውን ድርሻ በባንክ በዝግ ሂሳብ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ከተማው ቦታ አዘጋጅቶ፣ ባለይዞታ ለሆኑ አርሶ አደሮች ካሣ ከፍሎ እስኪያስረክባቸው ይጠብቃሉ። በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ የተደበቀው ችግር ጥበቃው ነው። ብሩ ተቆልፎ በሚቆይባቸው ዓመታት ሲሚንቶና ፌሮ አይቆለፉም። ማኅበሩ ቦታውን በተረከበ ማግሥት አባላቱ ያስቀመጡት ገንዘብ የታሰበውን ቤት ሳይሆን መሠረቱን ብቻ የሚያወጣ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብርም በ1998 ዓ.ም. አገር አቀፍ ሆኖ ወደ ክልል ከተሞች መጥቶ ነበር። ይሁንና ከአዲስ አበባ ውጭ ብዙ ሳይቆይ ስለቆመ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣት ዛሬ ተመዝግቦ ዕጣ የሚጠብቅበት መንገድ አይደለም።

የደብተሩ ሂሳብ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ የትውልዱ ልዩነት በጉልህ የሚታየው እዚህ ላይ ነውና።

በደርግ ዘመን የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚጀምር የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 500 ብር ነበር። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ወዲህ የተመሳሳዩ ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ተደርጓል። ቁጥሩን ከቁጥር ካነጻጸርን የዛሬው 23 እጥፍ ነው። ነገር ግን ያኔ አንድ ዶላር በይፋ የሚመነዘረው በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ነበር፤ 500 ብር ወደ 240 ዶላር ገደማ ይሆናል። በ2018 መግቢያ በነበረው ምንዛሪ የ11,500 ብር ደመወዝ ግን 80 ዶላር አካባቢ ነው። ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም፤ የያኔው ምንዛሪ በመንግሥት የተተመነ እንጂ ገበያው ላይ ያለው አልነበረም። አቅጣጫውን ግን ያሳያል፤ ለቤት ግንባታ ደግሞ አቅጣጫው ወሳኝ ነው። አባቴ የሠራበት ጭቃ፣ ጭድና ባሕር ዛፍ ዶላር አይጠይቁም ነበር። ዛሬ በከተማ ፕላን የሚፈቀደው የብሎኬት ቤት ግን ፌሮ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ቧንቧና የንጽሕና ዕቃ ይፈልጋል፤ እነዚህ ራሳቸው ወይም ጥሬ ዕቃቸው ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ሲሚንቶ በአገር ውስጥ ቢመረትም ወደ ደሴ የሚወጣው ከውጭ በተገዛ ነዳጅ በሚንቀሳቀስ መኪና ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆኗል፤ የእህቴ ልጅ ደብተር ላይ ያለው ቁጥር ለመጨረሻ ጊዜ የተሰረዘውም በዚያ ዓመት ነው።

«ታዲያ ለምን አትቆጥቢም?» የሚለው ጥያቄ የሚቀጥለው ነው። ትቆጥባለች። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች ለቁጠባ እንዲከፍሉ የተወሰነው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው 100,000 ብር አስቀመጠ እንበል፤ በዓመቱ 107,000 ብር ያገኛል። ያኔ በ100,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን በ30 በመቶ ግሽበት 130,000 ብር ሆኗል። ስለዚህ በእጁ ያለው ብር የመግዛት አቅሙ ባስቀመጠበት ቀን ብር ሲለካ 82,000 አካባቢ ነው። ተመሳሳዩ ነገር ሦስት ዓመት በተከታታይ ቢደገም ወደ 56,000 ይወርዳል። ሰውዬው አንዲት ሳንቲም አላባከነም፤ ሂሳቡም ከፍ እያለ ነው የሄደው፤ የቤቱ ግማሽ ገደማ ግን ሄዷል። አባቶቻችን «ጠብ ሲል ስደፍን» እያሉ በኖሩበት ዘመን ቁጠባ እንደ ዛሬው በፍጥነት አይቀልጥባቸውም ነበር፤ ዛሬ ቁጠባ ራሱ ጠብ የሚልበት ቀዳዳ ሆኗል።

እቁብም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ዕጣው በመጀመሪያው ወር የደረሰውና በመጨረሻው ወር የደረሰው ሰው የሚወስዱት ብር እኩል ነው፤ የሚገዙበት ፌሮ ግን እኩል አይደለም። ለዚህ ነው ደሴ ውስጥ በየግቢው ጥግ ሸራ ለብሶ የተቀመጠ ብሎኬት፣ ድንጋይና የታሰረ ፌሮ የሚታየው። ሰዉ በብር ምትክ ዕቃ እያጠራቀመ ነው። ነገር ግን ዕቃ ለማጠራቀም ግቢ ያስፈልጋል፤ ተከራይ ግቢ የለውም።

ብድርስ? ከ11,500 ብር ላይ የሥራ ግብሩና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው ሲቀነስ በእጅ የሚደርሰው ከ9,000 ብር ያንሳል። አንድ ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ወለድ፣ በ20 ዓመት የሚመለስ ብድር ተገኘ እንበል፤ የወር ክፍያው 15,400 ብር ገደማ ይመጣል። ሙሉ ደመወዟን፣ ግብሩ ሳይቀነስ እንኳ ብትሰጥ አይበቃም። ባልና ሚስት ሁለቱም ደመወዝተኛ ቢሆኑ ደግሞ ከሁለቱ ደመወዝ ለምግብና ለሌላው ሁሉ የሚተርፈው ከ3,000 ብር ያነሰ ነው። በዚህ ላይ ብሔራዊ ባንክ ግሽበቱን ለመግታት ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር፤ ገደቡ በኋላ ደረጃ በደረጃ ቢላላም፣ የሚያበድረው ብር የተቆጠረለት ባንክ ቶሎ የሚመለስ የንግድ ብድርን ቢመርጥ አይገርምም። የ20 ዓመት የቤት ብድር ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ነው።

ኪራይ፣ ከልጅ ወደ አባት የሚሄድ ገንዘብ

አባቴ ከጓሮው ሁለት ክፍሎች ሠርቶ ያከራያል። ይህን የምጽፈው እርሱን ለመውቀስ አይደለም፤ ጡረታው ኑሮውን ስለማይችል ኪራዩ ነው የመድኃኒቱንና የጤፉን ወጪ የሚሸፍነው። በደሴ በርካታ ጡረተኞችና ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች የሚኖሩት እንዲሁ ነው። ተከራዮቹ ደግሞ ሁለት ወጣት ደመወዝተኞች ናቸው። በአንድ ግቢ ውስጥ ሆኖ ላየው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከወጣቱ ደመወዝ ላይ የሚቀነሰው ገንዘብ ቦታ በነጻ ላገኘው ትውልድ የጡረታ ማሟያ ሆኗል። የዋጋ ግሽበት ሲጨምር ባለቤቱ ኪራይ ይጨምራል፣ ምክንያቱም እርሱም ጤፍ ይገዛል፤ ተከራዩ ግን ደመወዙን የሚጨምርበት ሌላ ሰው የለውም። የቀበሌ ቤት የደረሰው ጎረቤት በዚያው መንደር ለአሥርተ ዓመታት ብዙም ሳይነካ በቆየ ኪራይ ይኖራል። ስለዚህ የአንድ ሰው የኑሮ ውድነት መጠን የሚወሰነው ከገቢው ይልቅ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው በር ወደ ቤቱ እንደገባ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ይህን ግንኙነት በሕግ ለመያዝ የሞከረ ነው። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል። በክልሎች ውስጥ የትኞቹ ከተሞች በአዋጁ እንደሚሸፈኑ የሚወስኑት ክልሎቹ ናቸው። ተከራይ የሆነ አንባቢ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ይዞ ይሂድ ቢባል፣ በቃል የተደረገ ስምምነት አያቆየኝም ብሎ የጽሑፍ ውል እንዲጠይቅ እመክራለሁ፤ ሕጉ የሚከላከለው የተጻፈውን ነው።

ተራራውና ሜዳው

ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም የቤት ጉዳያቸው ይለያያል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከሌላው ወገን በአዝዋ ገደል ተይዛ፣ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተዘረጋች ከተማ ናት። ለጥ ያለ ቦታ አነስተኛ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ለመሥራት ቁፋሮና የድጋፍ ግንብ ይጠይቃል፤ በአንዳንድ ወገኖቿም የመሬት መንሸራተት የታወቀ ስጋት ነው። ስለዚህ ቦታ በምደባ የተገኘ እንኳ ቢሆን ከመሠረቱ በታች የሚቀበረው ገንዘብ ብዙ ነው። ከተማዋ መስፋፋት የምትችለው በቦሩ ሜዳና በገራዶ በኩል ሲሆን፣ እዚያ ቤት መሥራት ማለት በየቀኑ ወደ ፒያሳ ለመውጣት የትራንስፖርት ወጪ መጨመር ማለት ነው።

ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ሜዳ ነው። በ1987ቱ ቆጠራ የደሴ ከተማ ሕዝብ 97,314፣ የኮምቦልቻ 39,466 ነበር፤ በ1999ኙ ቆጠራ የደሴ የከተማ ነዋሪ 120,095፣ የኮምቦልቻ ደግሞ 58,667 ሆኗል። ደሴ በሩብ ገደማ ስታድግ ኮምቦልቻ በግማሽ ገደማ አድጋለች ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ክፍል ፍለጋ ወደ ከተማዋ ገቡ። በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኞች የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ አንዲት ሠራተኛ ብቻዋን ክፍል መከራየት ይከብዳታል፤ ሦስት አራት ሆነው በአንድ ክፍል ማደር የተለመደ ነው። ጥቅምት 2014 ላይ የሰሜኑ ጦርነት ሁለቱም ከተሞች ሲደርስ፣ በዚያው ዓመት አገሪቱ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድሏን ስታጣ፣ ሥራውም ተናጋ። የእነዚህ ልጆች ጥያቄ ገና ወደ ቤት ባለቤትነት አልደረሰም። የራሱ በር ያለው ክፍል ለማግኘት ለምትጥር ልጅ ስለ ሊዝ ጨረታ ማውራት የሩቅ አገር ወሬ ነው።

ዓረብ አገርና ውርስ

ታዲያ በዚህ ሁሉ መካከል ቤት የሚሠሩት ወጣቶች እነማን ናቸው? በእኛ አካባቢ መልሱ በአብዛኛው ሁለት ነው።

አንደኛው ዓረብ አገር ነው። የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር የተሳሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 3 ሪያል ከ75 ነው። ስለዚህ ዶላር 57 ብር ሳለ 1,000 ሪያል 15,000 ብር ያህል ነበር፤ ዶላር 135 ብር ሲሆን 36,000 ብር ይሆናል። ምንዛሪው ሲወጣ የመምህርቷ ቁጠባ ሲቀልጥ፣ በዚያው ዕለት የጎረቤቷ ቁጠባ ጅዳ ላይ አብጧል። ይህ ማለት ግን ዓረብ አገር ያለችው ልጅ ታድላለች ማለት አይደለም፤ በሰው ቤት የምታሳልፈው ዓመት፣ የምትከፍለው ዋጋ በሪያል የሚቆጠር አይደለም። ቤት ለመሥራት አገር መልቀቅ እንደ መደበኛ መንገድ መታየቱ እኔን እጅግ ያሳስበኛል።

ሁለተኛው የወላጅ ግቢ ነው፤ እዚህ ላይ ሕጉ ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ መሠረት ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ በፊት የተያዘ ቦታ፣ በሽያጭ ወይም በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል፤ በውርስ ሲተላለፍ ግን አይገባም። የዓላማውን ምክንያት እረዳለሁ፤ ሐዘን ላይ ያለን ቤተሰብ የሊዝ ዕዳ ማሸከም አይገባም። ውጤቱ ግን በ1967ቱ አዋጅ በነጻ የተገኘ ጥቅም ለልጅ ልጅ ሳይነካ እንዲደርስ፣ ከገጠር የመጣው የአርሶ አደር ልጅ ደግሞ ሙሉውን ዋጋ እንዲከፍል ያደርጋል። እኩል ደመወዝ በሚያገኙ ሁለት መምህራን መካከል ልዩነት የሚያመጣው የአንዳቸው አባት ደሴ ውስጥ ቦታ መመራቱ ሊሆን ይችላል። ትውልድና ትውልድ የተለያየበት ጉዳይ ቀስ በቀስ በአንድ ትውልድ ውስጥ ባሉ ልጆች መካከል ወደሚኖር ልዩነት እየተለወጠ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው።

ውርሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ልጆች ወላጃቸውን እኩል ይወርሳሉ፤ ተከራካሪዎቹ ተስማምተው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሄዱ ደግሞ የወንድ ልጅ ድርሻ የሴቷን እጥፍ ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ድርሻ በወረቀት ላይ ይከፈላል እንጂ ግቢው ላይከፈል ይችላል፤ ከተሞች ከተወሰነ ስፋት በታች የሆነ ቁራሽ ቦታ የራሱ ካርታ እንዲወጣለት አይፈቅዱም። አራት ወራሾች ካሉ አንዱ የሌሎቹን ድርሻ በዛሬው ገበያ ገዝቶ ያስቀራል፣ ወይም ይሸጥና ይካፈሉታል። ሲሸጥ ቦታው ወደ ሊዝ ይገባል፤ እያንዳንዱ የሚያገኘው ሩብ ድርሻ ሌላ ቦታ አይገዛም። ወላጅ በሕይወት ሳለ ሐሳቡን መግለጽ የሚፈልግ ከሆነ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ መጻፍ፣ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብና መፈረም ይኖርበታል፤ በቃል የተነገረ የአባት አደራ ብዙ ወንድማማቾችን ፍርድ ቤት አቁሟል።

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን የእህቴ ልጅ ሜትር ይዛ መጣች። አባቴ የምሪቱን ወረቀት ከብስኩቱ ቆርቆሮ አወጣ፤ እኔ የሜትሩን ጫፍ አጥሩ ሥር ያዝኩ፤ እርሷ ከሰርቪሶቹ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ለካች። ስፋቱ አንድ ክፍልና ትንሽ ማብሰያ ይበቃዋል። ወደ ላይ እንሥራ ብንል የጭቃው ግድግዳ ፎቅ አይሸከምም፤ አፍርሰን እንሥራ ብንል ሁለቱ ተከራዮች ይወጣሉ፣ ከእነርሱም ጋር የአባቴ የመድኃኒት ወጪ ይሄዳል። አባቴ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን ሲያይ ቆይቶ፣ «እኔ የተመራሁ ጊዜ እዚህ ድረስ ገብስ ነበር» አለ፣ በእጁ ከአጥሩ ማዶ ያሉትን ቤቶች እያሳየ። ሜትሩን ጠቀለልንና፣ የግንባታ ፈቃድ ለአንድ ክፍል ጭማሪ ምን እንደሚጠይቅ ለማጣራት ሰኞ ዕለት ወደ ማዘጋጃ ቤት አብረን ለመሄድ ተቀጣጠርን።